ቦራን ማን ሮዝ ቀባው?

በዓል ሲመጣ ደንበኛ ይረሳል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አፍራችሁ አላወራችሁትም እንጂ። ዓመቱን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ወንበሩ እርስዎን እየጠበቀ ነው» የሚለኝ የጊንጪው ፀጉር ቆራጭ፣ የገና ዋዜማ ስሄድበት በመስታወቱ ውስጥ ያየኝና አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው መቀሱን ያንቀጫቅጫል። ባለ ሥጋ ቤቱም ያው ነው። በጾም እንኳ ሰላምታ የማይነፍገኝ ሰውዬ በበዓል ቀን ከአዲስ አበባ በመኪና ለመጣ እንግዳ ሽንጡን ቆርጦ ለእኔ አንገት ይመዝንልኛል፤ ያውም ፊቱን አዙሮ። የሚኒባሱን ረዳትማ ተዉት። በአዘቦት ቀን ከአልጋዬ አንስቶ ሊያሳፍረኝ ምንም የማይቀረው ሰው፣ በበዓል በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ዳኛ ቁልቁል ያየኛል። ይህን ሁሉ ችያለሁ። አንገቱንም በልቻለሁ፤ ፀጉሬን ግማሹን ብቻ ተቆርጬም ቤቴ ገብቻለሁ። ፈረሴን ሮዝ ቀለም የቀቡብኝ ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ፈረስ እንዴት ሮዝ ይቀባል እንዳትሉኝ፤ እመጣበታለሁ። በመጀመሪያ ስለ ስም ላውራችሁ።

በእኛ በኩል፣ ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ጫካ ከፍ ብሎ ባለው አገር፣ ፈረሰኛ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። በፈረሱ ይጠራል። ፈረሱ ቀይ ዳማ ከሆነ አባ ዳማ፣ ጥቁር ጉራቻ ከሆነ አባ ጉራቻ ነው። እኔ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ፈረስ ነበረኝና አባ ቦራ ነበርኩ። ደበላ የሚለውን የልደት ስሜን የምታስታውሰው ሚስቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ። ማጋነን አልወድም፤ ቦራን ሽምጥ ስጋልበው አሞራ ከኋላችን ቀርቶ አቧራችንን ይበላ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፈረስም ያረጃል። ቦራ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ይተካልህ» ብሎኝ ሄደ። አልተካም። ጉልበቴም በዚያው ሰሞን ከዳኝ፤ ዛሬ እውነተኛ ፈረስ ላይ ለመውጣት መሰላል፣ ሁለት ጎረምሳና አንድ ቄስ ያስፈልገኛል።

ይህን ጊዜ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ተነሳ። ኦቦ ቶሎሳ ዳማ ፈረስ አለው፤ ስለዚህ አባ ዳማ ነው። አብረን ያደግን፣ አብረን የጋለብን፣ በየዓመቱም ሳናዛንፍ የተጣላን ሰዎች ነን። «ፈረስ የሌለው ሰው የፈረስ ስም ይዞ አይዞርም» አለ፤ ያውም ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደበላ» ይለኝ ጀመር። አንድ ሰው ከጀመረ ሌላውም ይከተላል። በስድሳ ምናምን ዓመቴ እንደገና ደበላ ሆንኩ። ሰው ስሙን ሲገፈፍ የሚሰማው ብርድ በጋቢ አይመለስም፤ ሞክሬዋለሁ።

እንግዲህ አምቦ ዳር አንድ የመዝናኛ ፓርክ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ቢጠሩት ደስ ይለዋል። ዥዋዥዌ አለው፣ ሸርተቴ አለው፣ ከሲሚንቶ የተሠራ አንገተ አጭር ቀጭኔ አለው፤ መሃል ላይ ደግሞ በሙዚቃ የሚሽከረከሩ የፕላስቲክ ፈረሶች አሉት። መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ነበር። ከፈረሶቹ አንዱን አየሁት፤ ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ቦራ። ቁመቱ ለጉልበቴ የሚስማማ፣ ገብስ የማይጠይቅ፣ የማይሞት ቦራ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ከበጋ በሚኒባስ አምቦ እየሄድኩ እጋልባለሁ። ትኬት ቆራጯ ሀዊ «አባባ፣ ፈረስዎ እየጠበቀዎት ነው» እያለች ታሳልፈኛለች። ልብ በሉ፤ ደንበኛ ነኝ።

ፈረስ እንዳለኝ ለአባ ዳማ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ አንድ ማሳ አርሼ እመለስ ነበር። በመጨረሻ ግን ነገሩ ከጥምቀት በፊት እንዲለይ ተስማማን፤ ጥምቀት ላይ ፈረሰኛው ሁሉ ተሰብስቦ በፈረሱ ስም ይጠራራልና።

«ወስደህ አሳየኝ» አለኝ። «ግንባሩ ነጭ ከሆነ፣ አንተም ላዩ ላይ ከወጣህ፣ በሰው ፊት አባ ቦራ ብዬ እጠራሃለሁ። ካልሆነ ግን ደበላ ሆነህ ትቀበራለህ።»

የገና ማግስት ሄድን።

የሰልፉ ራስ ፓርኩ በር ላይ ነው፤ ጭራው ጉደር ሳይደርስ አልቀረም። ሌላ ጊዜ ትከሻዬን ስሞ የሚያስገባኝ ዘበኛ «ሰልፍ ይያዙ» አለኝ። አባ ዳማ በክርኑ ጎኔን ነካ አድርጎ «ደንበኛ ነኝ አላልክም?» አለ። ሀዊን በትኬቱ መስኮት በሩቅ አየኋትና አባ ዳማ እንዲያይልኝ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላት። እሷም እጇን አወዛወዘች። ዝንብ እያባረረች ነበር።

ገብተን ፈረሶቹ ጋ ስንደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ሁሉም ለበዓሉ ተብለው ተቀብተዋል። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ። ቦራ በሚቆምበት ቦታ ሮዝ ፈረስ ቆሟል። ኮቴው የወርቅ ቀለም፣ ጋማው ላይ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣ ግንባሩም ሮዝ። የሙሽራ ጥፍር የመሰለ ፈረስ።

እስቲ ፍረዱኝ። ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን ብቅ ለሚል ሰው ፎቶው እንዲያምርለት ተብሎ፣ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል የሚመላለስ ሰው ፈረስ ይቀባል? አስቀድሞ አይነገርም? ቤቱን ሊቀባ የሚነሳ ሰው እንኳ ሚስቱን ያማክራል። እንግዳ ይከበር፤ ማን አይከበር አለ? ግን እንግዳውን ለማስደሰት የግድ ቤተኛው መጤ መሆን አለበት?

አባ ዳማ አልሳቀም። እሱ ነው የከፋኝ። ገበያ ላይ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ቀስ ብሎ ዞረው። እግሩን ዳሰሰ። ከንፈሩን ሊገልጥ ሞከረና እምቢ ሲለው ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ቆጠረ።

«ደበላ፣» አለ ቀና ብሎ፣ «ይህ ቦራ አይደለም።»

«ቦራ ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ ተሰብሯል፤ ስወጣ የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ጆሮው የተሰበረ ብዙ ነው። ቦራ በግንባሩ ነው። ነጩ የታል?»

«ከሥር ነው።»

«ከሥር ካልክማ የእኔም ዳማ ከሥር ነጭ ነው፤ አጥንቱ።»

ምን ላድርግ? በአውራ ጣቴ ጥፍር ግንባሩን መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ የአበዳሪ ልብ ነው፣ አይላቀቅም። ጥፍሬ ሮዝ ሆነ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ በመጨረሻ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ብቅ አለች። «ይኸውልህ» ስለው አባ ዳማ ዓይኑን አጥብቦ «የወፍ ኩስ ይሆናል» አለ። ልመልስለት ስል አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ፋዘር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ፋዘር አለኝ። ኦቦ የለ፣ ጋሼ የለ፣ አባባ የለ። ዞር ስል የፓርኩ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽሩን አናቱ ላይ የሰቀለ፣ በእጁ የሚያንሾካሽክ ሬዲዮ የያዘ።

«የፈረሴን ፊት እየጠረግኩለት ነው» አልኩ።

«የድርጅቱ ንብረት ነው፣ እያበላሹ ነው። ደግሞ በበዓል ሰሞን ፈረሶቹ ለሕፃናት ብቻ ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ከማስታወቂያው በፊት ነው የመጣሁት። ደንበኛ ነኝ።»

«አላውቅዎትም» አለና ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «ስምዎን ይንገሩኝ። ለጥበቃዎቹ እሰጣለሁ፤ ሁለተኛ እንዳያስገቡዎት።»

አፌን ከፈትኩ። ደበላ ብል፣ አባ ዳማ አጠገቤ ቆሟል፤ በገዛ አፌ በራሴ ላይ መመስከሬ ነው። አባ ቦራ ብል፣ ማስረጃዬ ገና ስንዴ አክላለች፤ ይስቅብኛል። ፈረሴም፣ ስሜም፣ ፓርኩም በአንድ ብዕር ጫፍ ላይ ሊሄዱ ነው።

«ምነው ፋዘር፣ ስም የለዎትም እንዴ?»

አባ ዳማ ጉሮሮውን ጠረገ። ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«ጻፍ» አለ። «አባ ቦራ ይባላል። ከጊንጪ እስከ ጉደር እሱን የማያውቅ ፈረሰኛ የለም። አላውቀውም ካልክ እንግዳው አንተ ነህ።»

«መታወቂያው ላይ ያለውን ነው የጠየቅኩት።»

«መታወቂያ ቀበሌ ይሰጣል። ይህን የሰጠው ፈረስ ነው። ይልቅ እኔ አንተን ልጠይቅህ፣ ልጄ፤ የሰው ፈረስ ሮዝ የቀባኸው ማንን አስፈቅደህ ነው? ነገ ደግሞ የእኔን ዳማ አረንጓዴ ልታደርገው ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። በበዓል ቀን ሰው ለመሰብሰብ ብዙ ምክንያት አይፈልግም። ሂጃብ ያደረገች አንዲት ባለ ሱቅ፣ ልጆቿን ይዛ ተራው የደረሳት፣ «የእኔዎቹ ቀጥለው ይወጣሉ፤ አባቶቻችን አንድ ዙር ይውጡ» አለች። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ በአማርኛም በኦሮምኛም ይውጡ አለ። ሬዲዮው አንሾካሾከ። ሥራ አስኪያጁ ሰውን አየ፣ ዱላውን አየ፣ ደብተሩን ከደነ። «አንድ ዙር ብቻ» አለ።

ወጣሁ። አባ ዳማ መጀመሪያ በቆመበት ሊያየኝ ነበር፤ ነገር ግን ጓደኛው ኮርቻ ላይ ሆኖ እሱ በእግሩ መቆሙ አላስቻለውም መሰል፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ ከኋላዬ ባለው ሜዳ አህያ ላይ ወጣ። ሙዚቃው ተነሳ። ዙሩ አንድ ነው ይበሉ፤ እኔ ወንጪ ሐይቅን ሁለት ጊዜ አይቼ ተመልሻለሁ። በዚያ ማሽን ላይ ማንም ማንንም አይቀድምም። እሱ እኔን ያሳድዳል፣ እኔም ዞሬ እሱን አሳድዳለሁ፤ ማን ፊት እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አህያውን «ቼ፣ ቼ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይክዳል።

በሚኒባስ ተመለስን። ጊንጪ ልንደርስ ስንል «ደ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ምን ልትል ነበር፣ አባ ዳማ?»

«ያልኩት ለሥራ አስኪያጁ ነው» አለ። «ለአንተ አይደለም።»

«ተጽፏል» አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ይጻፈው አይጻፈው አላየሁም፤ ለእሱ ግን አላየሁም አላልኩትም።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። አባ ዳማ በሰው ፊት የተናገረውን አያጥፍም። ተሸነፍኩ ማለትንም አያውቅም። ጥምቀት ላይ ፈረሰኛው አንድ በአንድ ሲጠራራ፣ አባ ዳማ እኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «ይሄ ሰውዬም አለ» ብሎ አለፈ። ደበላ አላለኝ፣ አባ ቦራ አላለኝ። ሰውዬ። ከዚያ ወዲህ ደጄ ሲደርስ ሚስቴን «ሰውዬው አለ?» ብሎ ይጠይቃታል። በዚህ ስንት ቀን እንደተንገበገብኩ እኔና ሚስቴ እናውቃለን፤ እሷ አሁንም ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት አባ ዳማ ማሳችንን ከሚለየው ወንዝ ማዶ ሲጮህ ሰማሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ያዝልኝ» ይላል። ዳማው ተፈትቶ ውሃውን ተሻግሮ በእኔ ማሳ በኩል እየመጣ ነው። ሰውዬ የሚባል ሰው ካለ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ የለም። ፈረሱ ግን ቀጥ ብሎ እኔ ጋ መጣና ልጓሙን ያዝኩለት። አባ ዳማ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እያለከለከ ደረሰ። እጁን ዘረጋ።

«አምጣው እንጂ፣ አንተ…» አለና ቆመ።

ልጓሙን ይዤ አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። እኔ አልቸኮልኩም። ዳማውም አልቸኮለም፤ ሣሩን ይግጣል።