ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት

[የኬክ ቤት ጓዳ። ነገ የቀመር ልጅ ታገባለች፤ ኬኳን የምትጋግረው አክስቷ፣ የሚስታቸው ታናሽ ናት። ቀመር ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ዘመድ ነው፤ አልተሳሳተም። ለምድጃው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው ዱቄት በጣታቸው ቁጥር ይጽፋሉ።]

ቀመር፦ መቶ ሰማንያ አይደለም አልኩሽ።

ጋጋሪዋ፦ ደብተሬ ግን መቶ ሰማንያ ነው የሚለው፣ ጋሼ።

ቀመር፦ ደብተርሽ ሴልሺየስ ነው። ምድጃው ከውጭ የመጣ ነው፣ ፋራናይት ነው። በመቶ ሰማንያ ፋራናይት ኬክ ይሞቀዋል እንጂ አይበስልም። ልጄን በሊጥ ልትድሪያት ነው?

ጋጋሪዋ፦ ኧረ በጭራሽ! እንቁላሉ አልቋል፣ ሱቁ ተዘግቷል፤ ይሄ ከተበላሸ ሌላ የለም። እስቲ ያስረዱኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ቁጥር ሲጠራ እንቅልፌ ይመጣል።

[ቀመር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ያስረዱኝ» ካሏቸው ሠርጉም ይቆያል።]

ቀመር፦ መቶ ሰማንያን በአንድ ነጥብ ስምንት አባዢ፣ ሠላሳ ሁለት ደምሪ። ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት።

ጋጋሪዋ፦ ሠላሳ ሁለቷ ከየት መጣች?

ቀመር፦ ውሃ በረዶ የሚሆንባት ናት። ሴልሺየስ ዜሮ ይላታል፣ ፋራናይት ሠላሳ ሁለት።

ጋጋሪዋ፦ ታዲያ ውሃው የማንን ይሰማል?

ቀመር፦ የማንንም። ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው።

ጋጋሪዋ፦ ኬኩም አንድ ኬክ ነው፤ ምን ይደመርበታል?

ቀመር፦ አንቺን ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ነው። ከመጀመሪያው እንነሳ።

[ዱቄቱን በመዳፋቸው አስተካክለው ጻፉ። ሦስት ጊዜ አስረዱ፤ ሦስት ጊዜ አልገባትም።]

ቀመር፦ በቃ፣ ዝም ብለሽ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ላይ አድርጊው።

ጋጋሪዋ፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ያበቃል እኮ።

ቀመር፦ ምኑ?

ጋጋሪዋ፦ የምድጃው ቁጥር።

[ቀመር ዞር ብለው ምድጃውን አዩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ የሚያበቃ ምድጃ ሴልሺየስ ነው። ይህን ለማወቅ ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። አፈሩ።]

ቀመር፦ ምንድን ነው የሚሸተኝ?

ጋጋሪዋ፦ ኬኩ። ገና ሲመጡ ነው ያስገባሁት፣ በመቶ ሰማንያ።

ቀመር፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን አስለፈለፍሽኝ?

ጋጋሪዋ፦ በቀለበቷ ጊዜ እርስዎ ምድጃውን አሥሬ እየከፈቱ ኬኩን ሳይነፋ አስተኙት። ልጅዎ «አባዬን አደራ» ብላኛለች። ሰዓቴም ቆሟል፤ እርስዎ ፋራናይትን አስረድተው ሲጨርሱ ደግሞ ሁልጊዜ ልክ አርባ ደቂቃ ነው።

[ቀመር ሊቆጡ አሰቡ፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። ጋጋሪዋ በመስታወቱ አጮለቀች።]

ጋጋሪዋ፦ አይነሱ፣ መሃሉ ይቀረዋል። ያ ሌላው የሙቀት መለኪያ፣ ኬልቪን የሚሉትስ ምን ነበር?

ቀመር፦ እሱ እንኳ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ጋጋሪዋ፦ ለኬኩም የቀረው እሱው ነው።