የሙኒር መካሪ የሆንኩ ሰሞን

ሰው ነፃነቱን የሚያጣው ሲታሰር ነው ያላችሁ ማን ነው? እመኑኝ፣ ሰው ነፃነቱን የሚያጣው «ለወጣቶች አርአያ ሁን» የተባለ ዕለት ነው።

ቡታጅራ፣ እኛ ሰፈር፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለየወጣቱ መካሪ መደቡ። እኔ በጠባዬ የተመረጥኩ እንዳይመስላችሁ... ከስብሰባው ስለቀረሁ ነው። የቀረ ሰው «አልችልም» አይልማ! የደረሰኝ የእህል ነጋዴው የሐጂ ሸምሱ ልጅ ሙኒር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፑል ቤት መዋል ጀምሯል። አባቱም ቆርጠዋል፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ይገባል። ልጁ ደግሞ መማር ይፈልጋል። «ጋሼ፣ አደራ» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

አንጀቴ ሲበላ ደግሞ አፌን አልችለውም። «ስማኝ ሙኒር፣ እኔ በአንተ ዕድሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ነበር የማነበው። ዛሬም ያው ነኝ። ፑል ቤት የሥራ ፈት ቦታ ነው» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ...

በማግስቱ፣ ከፈጅር ሶላት መልስ፣ በሬ ተንኳኳ። ሙኒር ነው፤ ደብተሩን ይዟል።

«ምነው፣ በሰላም?»

«አብረን እንድናነብ ነው ጋሼ። ተኝተው ነበር እንዴ?»

«እኔ? ዓይኔን እያሳረፍኩ ነበር...»

ባለቤቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። የባዮሎጂ መጽሐፉን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱ ግን አነበበ። በማግስቱም መጣ፣ በሣልስቱም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወገቤን ቢያመኝም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልተንፍስ ብዬ ወደ ፑል ቤት ጎራ አልኩ። (እንዲህ አትዩኝ፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው!) ባለቤቱ ከድር የመጫወቻውን እንጨት ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደው።

«ይቅርታ ጋሼ። ሙኒር እርስዎን ፍለጋ ቢመጣ ሐጂ ምን ይሉኛል?»

ጫት ተራ ብሄድ ሻጯ «ለሙኒር መካሪ አልሸጥም» ብላ እቃዋን ሸፈነችብኝ። ባጃጅ ላይ ትርፍ ሆኜ ከሾፌሩ ጎን ልጠጋ ስል «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ሕግ ያክብሩ እንጂ» ብሎ አወረደኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? የእኔን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ተረባርቦ ያማስልልኝ ጀመር።

ሴሚስተሩ አለቀ። ሐጂ ሸምሱ ቤቴ መጡ፤ ሙኒር ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በቃ፣ ልጁን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ በልቤ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ሰፈሩን ስጠይቅ ነው የዋልኩት» አሉ።

«ወዓለይኩም ሰላም። እና... ስለ ሙኒር ምን አሉዎት?»

«ሙኒር ተስተካክሏል፣ አልሐምዱሊላህ። ያልተስማሙት ስለ አንተ ነው።»

 

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በል፣ አዲስ አበባው ቀርቷል፤ እዚሁ ተማር። ይሄ ሰውዬ ገና ጅምር ነው፤ ጥለኸው መሄድ ነውር ነው።»