ከሞተር እስከ ጎማ ያለው መንገድ

ከመጀመሬ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ፤ ዕድሜ ነውና አንዳንዱን ላሳስት እችላለሁ። የምነግርዎትን መኪና ቀለም እንኳ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ እያደረግሁ ነው የማስታውሰው። ያየ ሰው ካለ ያርመኝ።

ጉልበት ከሚወጣበት እስከሚደርስበት ድረስ ብዙ የሚያጎድለው አለ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ነጎድጓድ የተነገረ ትእዛዝ ይርጋለም ሲደርስ ደከም ይላል፣ ነገሌ ሲደርስ ያስላል፤ አሬሮ የሚደርሰው ሰላምታው ብቻ ነው። እርስዎም ሳሎን ውስጥ ቆጣ ብለው የተናገሩት ቃል ወጥ ቤት ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቀረው ያውቁታል።

መኪናም እንዲሁ መሆኑን ያስረዳኝ ሾፌሩ ተሾመ ነው። ያኔ ነገሌ ውስጥ የአንድ ቆዳ ነጋዴ ጸሐፊ ነበርሁ፤ ተሾመ ደግሞ የነጋዴውን የጭነት መኪና ይነዳል። ከአሬሮ ቆዳ ጭነን ስንመለስ፣ የዳዋን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ታቃስታለች። እግረኛው ሰላም ብሎን ያልፋል።

ጌታችን አቶ መኮንን ተሾመን አስጠሩት። «ሞተሬን ገደልኸው!»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው ጌታዬ። ጉልበቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ካምቢዮው ይበላል፣ ዘንጉ ይበላል፣ ዲፈረንሻሉ ይበላል። ለጎማው የሚደርሰው የተረፈው ነው።»

«እኔ የማበላው አንተን ብቻ መስሎኝ!»

ከሞያሌ ሌላ ሾፌር አስጠርተው ኖሯል። ተሾመ መኪናዋ ጉልበት እንዳላት እስከ ቅዳሜ ካላሳየ ቁልፉን ያስረክባል። ሚስቱ ደግሞ የመውለጃዋ ወር ነበር።

ጉልበት በምን ይለካ? ፈረንጅ መኪናዋን የሚሽከረከር ብረት ላይ አቁሞ ባለችበት ያስሮጣታል፣ የመለኪያው መርፌ ይናገራል አሉ። እኛ ያለን የግራር ግንድ ነበር። ተሾመ ግንዱን በሰንሰለት ከመኪናዋ ኋላ አሰረና ሰው እንዲቀመጥበት ለመነ። ገበያ ቀን ነውና ልመናው እንኳ አላስፈለገም። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ መዝጋቢ ሆንሁ። አምስት ሰው፤ ጎተተች። አሥር ሰው፤ ጎተተች። አንድ ፖሊስ ከነጠመንጃው፣ አንዲት ሴት ከነፍየሏ ተጨመሩ፤ ፍየሏን በጥንቃቄ ለብቻዋ ጻፍኋት። አቶ መኮንን «ጨምሩ!» ይላሉ። በመጨረሻ ተናደው ራሳቸው ወጡበት። መኪናዋ ከነጃንጥላቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ወሰደቻቸው።

ሁሉም ግራ ገባው። ገበያ ላይ እንዲህ የምትጎትት መኪና ዳገት ላይ ምን ነካት?

ግንዱ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ከብት ነጋዴው ኦቦ ጉዮ ነበሩ። አቧራቸውን አራገፉ፤ «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሰላምታቸውን ሳይቸኩሉ አዳረሱ። ከዚያም፣ «የእኔ ላም ቤት ታልባ መንገድ ላይ ወተት ከከለከለች፣ ላሚቱን አልመታም። አብሮ የሚሄደው ማነው? እላለሁ» አሉ።

ከተሾመ ጋር የምጓዘው እኔ ነኝና ገበያተኛው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ለእርስዎ አልደብቅም፤ ዳገት እፈራለሁ። ወደ ኋላ የምንንሸራተት ይመስለኛል። ስለዚህ ጋቢና ውስጥ ከተሾመ ጎን ስቀመጥ፣ የእጅ ፍሬኑን በነጠላዬ ሸፍኜ አንዲት ጥርስ ብቻ፣ አንዴ ቀጭ እስኪል፣ ሳብ አደርጋት ነበር። ለጥንቃቄ። የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን የሚያንቀው ዘንጉን ነው፤ ሞተሩ ይገፋል፣ እኔ እይዛለሁ። የሚቃጠል ነገር ሲሸተን ሁለታችንም በቆዳው እናሳብብ ነበር። አንዲት ጥርስ ይህን ሁሉ ትበላለች ብዬ አልጠረጠርሁም።

እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተናዘዝሁ።

«ካምቢዮውን በከንቱ ሳማ ኖሬአለሁ፤ ለካ ትልቁ በላተኛ አጠገቤ ነው!» አለ ተሾመ። ገበያው ሳቀ፤ ቁልፉም እጁ ላይ ቀረ። አቶ መኮንን በጃንጥላቸው የመኪናዋን ጀርባ አሳዩኝና፣ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ፣ ከቆዳው ጋር!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን እንደ ንስር ወጣነው ይላሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አላየሁም።

ስለ ተሾመ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አንድ ሐሙስ፣ ከፊልቱ ከመጣ ነጋዴ ነው። ተሾመ የራሱን መኪና ገዝቷል፤ አዲስ ናት፤ ዳገት ግን አይሆንላትም፤ ሦስት መካኒክ ፈትቶ ገጥሟታል። «ጋቢና አብሮት የሚቀመጠው ማነው?» አልሁት። «ሚስቱ» አለኝ።

በሰው ትዳር አልገባም ብዬ ነጋዴውን በሰላም ሸኘሁት። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።