ፊታውራሪውን ወይስ ልጅቷን?

እስቲ ዘሩን ቆጥሮ በቅሎ ጠባቂ ላይ የደረሰ ሰው አሳዩኝ! የለም። የሁላችንም ቅድመ አያት ፊታውራሪ ነው። ታዲያ የዚያን ሁሉ ፊታውራሪ በቅሎ ማን ይጭን ነበር? ራሳቸው በየተራ?

እኔም ከዚህ በሽታ አላመለጥኩም። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አያት ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የዘር ሐረጌን ልሰቅል አማረኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ደብተር ገዛሁና እጮኛዬን ሰናይትን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ፤ ከራጉኤል ዝቅ ብለው ወደሚኖሩት የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ ወደ አባባ ተክሌ።

"ምርቃቱ ይቆየን። መጀመሪያ ሰባት ቤት ቁጠሩ" አሉ አባባ። መቼም ታውቃላችሁ፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከተገኘ ጋብቻ የለም።

ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። "አባቴ አበራ፣ አያቴ ባህሩ፣ ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ዘርጋው!"

ሰናይት ክው አለች። "ነጭ በቅሎ የነበራቸው? የእንጦጦው?"

"አዎ! ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?"

"የእናቴ አያት ናቸው!"

ኧረ በስመ አብ! እሷም "ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ናቸው" ትለኝ ነበር፤ እኔም እላት ነበር። ግን ማን ስም ይጠይቃል? ሁለታችንም የሌላውን ጉራ ነው ብለን አልፈነዋል። አዳራሹ፣ ሚዜዎቹ፣ የተጠራው ሰው... ሁሉም ገደል ገባ! ሰናይት ማልቀስ ጀመረች። እኔም አልቀረሁም።

አባባ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንተ፣ አታልቅስ። አንዱን ምረጥ። ፊታውራሪውን ነው ልጅቷን?"

"እንዴት አባባ?"

"አባታችን የፊታውራሪ በቅሎ ጠባቂ ነበር። ወንድሜ ባህሩ ተማሪ ቤት ሲገባ ጌታችን 'ይለፍለት' ብለው በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። በደም አንገናኝም።"

እልል ማለት ሲገባኝ... ዝም አልኩ። ምን ላድርግ፣ ፊታውራሪ እኮ ናቸው!

"ጭራሽ እያሰብክ ነው?!" አለች ሰናይት፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ።

"አንቺን! አንቺን ነው!" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሠርጉ በቀኑ ተደገሰ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ግን የሰናይት ዘር ሐረግ ብቻ ነበር። ዛሬ ከሾላ ገበያ ስንመለስ ድንቹንም ሽንኩርቱንም ዘይቱንም የምሸከመው እኔ ነኝ። ከበደኝ ያልኩ እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፦

"ቅድመ አያትህ እኮ የቅድመ አያቴን በቅሎ ሲጭኑ አላጉረመረሙም!"