ብልጥ አማች እየበላ ያለቅሳል

የሰው ልጅ የማያውቀው ምግብ ሲቀርብለት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይሸሻል፣ ወይ ዱሮ የሚያውቀው መስሎ ይበላል። የእኛ አገር ሰው ግን ሦስተኛ መላ አለው። ሌላውን ያጎርሳል። የጎረሰው ሰው ደህና ከዋለ እሱም እጁን ይሰዳል፤ ካልዋለም አጉርሶታልና ወቀሳ የለበትም። ይህን ደግነት የሚሉት አሉ። እኔም ደግነት ነው ባይ ነኝ፤ ደግነት ላይ ትንሽ ብልሃት ጣል ቢደረግበት ምን ይከፋል?

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ከተማችን ደብረ ማርቆስ ሱሺ ገብቶላታል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ጃፓኖች ሩዝ ይቀቅሉና አውራ ጣት አሳክለው ያድበለብሉታል፣ ላዩ ላይ ጥሬ ዓሣ ያለብሱታል፤ ሌላውን ደግሞ በጥቁር የባሕር ቅጠል ይጠቀልሉታል። አለቀ። ለዚህ ነገር አንድ አዲስ ሆቴል የመጨረሻውን ፎቅ በሙሉ ለቀቀ፤ መብራቱን አደብዝዞ፣ ወንበሩን አስረዝሞ፣ ዋጋውን ከፎቁም ከወንበሩም በላይ ሰቀለው። ገሚሱ ከተሜ ሳቀ፣ ገሚሱ ፎቶ ሊነሣ ወጣ። «ጥሬ ዓሣ? ወግድ» እያለ ያማተበውን ጎረቤቴን ደግሞ በማግሥቱ ሥጋ ቤት በር ላይ ተቀምጦ፣ ቢላዋ በእጁ፣ ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ በአዋዜ ሲያጣጥም አገኘሁት። በሬ ዋናተኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ምን ይውጠው ነበር?

ነገሩ በሩቁ ቢሆን እኔም ስቄ ባለፍኩ። ግን ሱሺውን የሚሠራው ጎረምሳ ልጄን ማኅደርን ላግባ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሙሉቀን ይባላል፤ የደምበጫ ልጅ ነው፤ ዱባይ ከጃፓን ሼፎች ሥር ሠርቶ የተመለሰ። ማኅደርም ትወደዋለች። ይህን የነገረችኝ በአፏ አይደለም፤ ሱሺን ያማሁ ቀን በማኩረፍ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ የምመኘው መሐንዲስ ነበር። የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ፤ ስንቱ መሐንዲስ የቤት ፕላን ሊያባዛ ሲገባ «ይሄኛውስ ቢሆን?» እያልኩ ቅጂ እመርቅለት ነበር። ሁሉም ምርቃቱን ይዞ ሄደ። ባለቤቴ የውብዳር ደግሞ ሙሉቀንን ገና ሽማግሌ ሳይልክ «ልጄ» ማለት ጀመረች። እኔ «ሼፉ» እለዋለሁ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ልጄ በለው፣ ምላስህን ይቆርጥሃል? ትለኛለች። አይቆርጠኝም። ግን ልጄ ማለት እንዲህ በዋዛ የሚባል ቃል አይደለም፤ አንዴ ከአፍ ከወጣ መመለሻ የለውም።

እምቢ እንዳልል የልጄን ፊት ፈራሁ። ስለዚህ ብልህ አባት የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ነገሩን ወደ አያ ጥሩነህ ገፋሁት። አያ ጥሩነህ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ይጁቤ አጠገብ የሚያርሱ፣ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ። በቤተ ዘመዱ እሳቸው «ይሁን» ሳይሉ የተዳረ ልጅ የለም። ሽማግሌዎቹን «ወንድማችንን እናማክር» ብለን ሸኘናቸው። በስልክ «ወጥ ሠሪ ነው» ብዬ ብነግራቸው አያ ጥሩነህ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ወንዱ ወጥ ሠሪ ከሆነ ልጅቱ ምን ልትሆን ነው? አሉና ስልኩን ዘጉት። የውብዳር አለቀሰች። እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። ማኅደር ግን አሰበች።

ያሰበችው ይህን ነው። አያ ጥሩነህ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከተማ ሲመጡ ሆቴሉ ወስደን እራት እንጋብዛቸው፤ ልጁ ማን እንደሆነ ሳንነግራቸው መጀመሪያ እጁን ይዩለት፤ ከወደዱት ስሙን እንነግራቸዋለን። ካልወደዱትስ? አልኳት። ካልወደዱት በቃ ይቀራል፣ አጎቴን አስቀይሜ ትዳር አልይዝም አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ደስታዬ ትንሽ ጎረበጠኝ።

ሐሙስ ማታ ወጣን። የውብዳር፣ ጥሬ ዓሣ ካለበት ቤት አልገባም፣ በጸሎት አግዛችኋለሁ ብላ ቀረች። አያ ጥሩነህ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ባንኮኒው ፊት ካለው ረጅም ወንበር ላይ በቅሎ እንደሚቀመጥ ሰው ተደላድለው ወጡበት። ወዲያው አስተናጋጇ በሰሃን ነጭ፣ ሞቅ ያለ፣ ጥቅልል ነገር አቀረበችልን። ነጭ፣ ሞቅ ያለ፣ ጥቅልል ነገር በሰሃን ሲመጣ እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔም እንጀራ ነው ብዬ ልቆርስ ጫፉን ያዝኩ። አልቆረስ አለኝ። ጎተትኩት። ለካ ፎጣ ነው። አያ ጥሩነህ በፎጣቸው እጃቸውን አብሰው መለሱላት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አስተያየት መስጠት ተውኩ።

ሙሉቀን ከባንኮኒው ማዶ ጥቁር ልብሱን ለብሶ እጅ ነሣ። ለእራት እንግዳ ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባልጎነበሰ። አያ ጥሩነህ ከሁሉ በፊት የጠየቁት ዓሣው ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ ብለው ነው፤ መጽሐፍ የሚፈቅደው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነውና። ልጁ ቆዳውን አውጥቶ ቅርፊቱን አሳያቸውና ቅርፊት የሌለውን ዛሬ ጭራሽ ወደዚህ አላመጣሁትም አባቴ አላቸው። አያ ጥሩነህ «እ» አሉ። የእሳቸው «እ» ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ይኸኛው ከደጎቹ ወገን ነበር።

ከዚያ ልጁ ቢላዋውን አነሣ። መቼም አያያዙን እኔም አልክደውም። ዓሣውን ሲቆርጠው ድምፅ የለ፣ መጎተት የለ፣ ልስልስ አድርጎ ያወርደዋል። አያ ጥሩነህ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፤ ምድጃው የታለ? ድስቱስ? ብለው ጠየቁ። የለም አባቴ፣ እሳት የለውም፣ ዱባይ የተማርኩት ሁሉም በቢላዋ ነው አላቸው። አያ ጥሩነህ እንግዲያው ይሄ የወንድ ሥራ ነው ብለው ፈረዱ። እሳትና ድስት ሲኖር ነው ወጥ ሠሪ፤ ጥሬውን በቢላዋ የሚቆርጥማ ቆራጭ ነው፤ ሰንጋ ሲጣል ቆራጩ ወንድ አይደለም እንዴ? ማኅደር በባንኮኒው ሥር ጉልበቴን ጨበጠችው።

ሱሺው ቀረበ። አያ ጥሩነህ ባረኩት። ከባረኩ በኋላ ግን አልነኩትም። ቀደም ሲል የተናገርኩትን ሦስተኛ መላ አስታውሱልኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዋሳቢ ልንገራችሁ። ከሰሃኑ ዳር የምትቀመጥ አረንጓዴ ሊጥ የመሰለች ነገር ናት። የሰናፍጭ ዘመድ ናት፤ ሰናፍጭ ግን ከእሷ ጋር ሲተያይ ማር ነው። ማኅደር ከቤት ሳንወጣ፣ አባዬ እሷን ጤፍ ታህል ብቻ ነው የምትነካት ብላ አስጠንቅቃኛለች። አያ ጥሩነህን ያስጠነቀቀ የለም። ሽማግሌን ማን ያስጠነቅቃል?

እንግዲህ አያ ጥሩነህ፣ ባለሙያው ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከሰሃኑ ሦስቱን ሱሺ በአንድ እጅ አፈሱ፣ ጨመቅ አደረጉ፣ ዋሳቢዋን ደግሞ ቃሪያ መስላቸው ጠራርገው ላዩ ላይ ለደፏት። «አያ ጥሩነህ፣ እሷ ነገር እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሲያጎርስ ይናገሩታል? ብለው ገላመጡኝ። ሙሉቀን ጉርሻውን አየው። ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማኅደርን አያት። ከዚያ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን አገጩ ሥር ዘርግቶ፣ አፉን ከፈተ።

ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። ይኸኛው አስጨነቀ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ፤ ከዚያ እንባው ግጥም ብሎ በሁለቱም ጉንጮቹ ወረደ። አልሳለም፤ አልተፋም፤ ፊቱንም አላዞረም። አላምጦ ዋጠው። አያ ጥሩነህ፣ አንድ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ከራሴ ሰሃን ሠሩለት፤ የእኔም ዋሳቢ አብራ ሄደች። ልጁ እሱንም ዋጠና፣ ከሩቅ በሚመጣ ቀጭን ድምፅ «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» አላቸው።

አያ ጥሩነህ ወደ እኔ ዞሩ። ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጅ፣ ሆዱ ያልደነደነ ልጅ፣ የሽማግሌ እጅ ሲጎርስ ሆዱ ባብቶ የሚያለቅስ ልጅ በዚህ ዘመን አየሁ አሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የታከሙት ዓይናቸው እንኳ ሳይቀር አንብቶ ነበር። ከዚያ ወደ ማኅደር ዞረው በቁጣ፣ እንዲህ ያለ በሥርዓት ያደገ ልጅ እያለ አንቺ ወጥ ሠሪ ልታገቢ ትዪኛለሽ? አሏት።

ልጄ ሙሉቀንን በጣቷ ጠቆመች። አጎቴ፣ እሱ እኮ ነው አለቻቸው። አያ ጥሩነህ ልጁን አዩት፣ እሷን አዩ፣ እኔን አዩኝና፣ ታዲያ አንተ ምን ነክቶህ ነው ወጥ ሠሪ ያልከኝ? አሉኝ። ያን ማታ ይሁን አሉ። ሱሺውን ግን እስከ መጨረሻው አልቀመሱትም፤ ደስታው አጠገበኝ ብለው ቤት ገብተን ሽሮ በሉ።

እኔ የማውቀውን ልናገር ብል የሚሰማኝ አልነበረም። አያ ጥሩነህ የልጁን እንባ ከይጁቤ እስከ አማኑኤል ላለ ዘመድ ሁሉ አወሩለት። ስለዚህ በሠርጉ ቀን ዳሱን የሞላው ሰው ሙሽሪትን አይደለም የሚያየው፤ አያ ጥሩነህ ሙሽራውን የሚያጎርሱበትን ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ሰዓቱ ደረሰ። ከዶሮው ወጥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። ሙሽራው ዋጠ። ሰው ጠበቀ። ዓይኑ ደረቅ ነው። ከአሮጊቶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። አያ ጥሩነህ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሚስቱን ካገኘ በኋላ ሆዱ ደነደነ ማለት ነው? ብለው ወደ እኔ አንሾካሾኩ።

ማኅደር በክርኗ ነካ አደረገችው። ሙሽራው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ላከና አፉን የሚጠርግ መስሎ አውራ ጣቱን ወደ ከንፈሩ መለሰ። ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለተኛው ጉርሻ ሲገባ እንባው ወረደ፤ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ፤ አያ ጥሩነህም ፊታቸው በራ። ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ያለው ሰው ይህን ሙሽራ በሩቁ አውቆታል እላለሁ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አያ ጥሩነህ ተነሥተው፣ በል እንግዲህ ሙሽራው አማቱን ያጉርስ አሉ። ሙሉቀን ጉርሻውን ጠቀለለ። ያን አውራ ጣት ልጠቁም አልኩ፤ ሰው ሲያጎርስ ይናገሩታል? አፌን ከፈትኩ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። መጀመሪያ አፍንጫዬ ሄደ፤ ቀጥሎ ጆሮዬ። ዓይኔ እንደ ክረምት ምንጭ ፈሰሰ። ባለቤቴ «የእናቴ ቀብር ላይ እንኳ ሲያነባ ያላየሁት ሰውዬ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አብራኝ ታለቅስ ጀመር። አያ ጥሩነህ፣ ይኸው ዛሬ ገና አባት ሆነ አሉ። ልጁ ደግሞ በሥርዓት ያደገ ነው፤ ጋሼ፣ አንድ ያጣላል ብሎ ሁለተኛውን ጠቅልሎ በዚያው አውራ ጣት ይዞ መጣ። ያለኝን ትንፋሽ ሰብስቤ «በቃኝ ልጄ» አልኩት።

«ልጄ ብሎ ጠራው» ብለው እልልታውን አቀለጡት። በቃኝ ያልኩትን የሰማ አልነበረም።