የጽጌ ልጅ ፈረንጅ እንዳትሆን

ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚያደርገውን ያጣል መሰለኝ። የምሠራላት ሲኞራ ሃንጋሪያዊት ናት። አሜሪካ የተወለዱት የእህቷ ልጆች በጥልፍ ልብስ አጊጠው የአገራቸውን ጭፈራ ሲጨፍሩ የተነሱትን ፎቶ እያሳየች አላሠራ ትለኛለች። ቋንቋውንስ ይችሉታል ወይ ስላት ወሬ ትቀይራለች። በልቤ ስንቴ ሳቅኩባት! አሎራ፣ እንግዲህ የእኛን ጉድ ደግሞ ስሙ።

ጓደኛዬ ጽጌ እዚሁ ሮማ የተወለደች ማርታ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። አማርኛ ስታናግሯት ትሰማለች፣ መልሷ ግን ጣልያንኛ ነው። የጽጌ አማት እማማ በላይነሽ ስንት ደጅ ጠንተው የመውጫ ቪዛ አገኙና፣ ገና ሳይነሱ በስልክ አስጠነቀቁ። ልጅቷን ፈረንጅ ሆና ካገኘኋት ይዣት ነው የምመለሰው አሉ። ጽጌ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ባሏስ አትሉም? ባሏ እናቱ ፊት ድምፅ የለውም።

እሳት አመድ ወለደ እንዳይባል፣ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። ሐሙስ ከሰዓት እኛ የቤት ሠራተኞች የምናርፍበት ነውና ያኔ አስተምራታለሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ በዪ! ጉልበት ሳሚ! ምግብ ሲሰጡሽ እጅሽን አትዘርጊ፣ «ጠግቤያለሁ» በዪ። «በሞቴ» ሲሉሽ ያኔ ትቀበያለሽ። በብስኩት ተለማመድን። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት እምቢታውን ከእኔ አስበልጣ ቻለችው።

እማማ መጡ። ማርታ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የጽጌ ፊት በራ። እማማ ቅቤው የሚያብረቀርቅ ጭኮ ከፈቱና «እንቺ የኔ ልጅ» አሏት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ» አሉና ከደኑት።

እንዴ! እንዲህም አለ? በዓይኔ ብጠቅሳቸው ምን ያስጠቅስሻል አሉኝ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቶ፣ ተሰልፋ ውላ፣ ተራዋ ሲደርስ «ኧረ ይቅርብኝ» የምትል ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ እንቺ ከተባልሽ መቀበል ነው፣ ልመናው ድሮ ቀረ አሉ።

የማርታ ዓይን ጭኮው ላይ ነው። እግሯን መሬት ላይ መታችና አያቷን በጣልያንኛው ጠርታ ጮኸች፦ «ኖና! ‹በሞቴ› ይበሉኝ እንጂ!»

ጽጌ አለቀ፣ ልጄን ወሰዱብኝ ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን ኮራሁ፤ ተቆጥታ እንኳ አንቱታዋን አልሳተችም!

እማማ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በሞቴ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ አጎረሷት። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞር ብለው፣

«ይቺን ልጅ አዲስ አበባ ወስጄ ላበላሻት እንዴ?» አሉ።