የሲኞራ ኤርሲሊያ ማርያም

በየመንደሩ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መንገድ ብትጠይቁት ያሳያችኋል፤ መንገዱ ባይኖርም እንኳ። የእኛ የሞንቴራሶ ሊቀ ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ በሽርጣቸው ኪስ ይዘው የሚዞሩት ክብርት ሲኞራ ኤርሲሊያ ናቸው።

ከመሠዊያው በላይ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን አለች፤ ከተሳለች አምስት መቶ ዓመት አልፏታል። ሕፃኑ እናቱን አያይም፤ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ በሩ ይመለከታል። ለምን? ሲኞራ ኤርሲሊያ ለአንድ ስዊድናዊ እንግዳ፣ «የሠዓሊው ውሻ ገብቶ ነው» አሉት። ሊጋቡ ለመጡ ሙሽሮች፣ «ጥርስ እያበቀለ ነው፤ ገና ታዩታላችሁ!» አሏቸው። እኔን በልጅነቴ፣ «አንተን ነው የሚያየው፣ የቄሱን በለስ የሰረቅከውን!» ብለውኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሦስቱንም እስካሁን አምናለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ጸደይ ዶክተር ቫልካሬንጊ የሚባል ሰው ከከተማው ሙዚየም መጣ። እርጥበት ሥዕሉን እየጎዳው ስለሆነ «ለጊዜው» እንወስደዋለን አለ። እኛ ይህችን ቃል እናውቃታለን። የጎረቤት መንደር መስቀል ለጊዜው ሲሄድ የተወለዱ ልጆች ዛሬ አያት ሆነዋል። ክርስትና የተነሳነው እሷ ፊት ነው፤ ለፍትሐታችንም የምንቀርበው እዚያው ነውና ክው አልን።

ሲኞራ ኤርሲሊያ በሩን ከፈቱለትና፣ «ውሰዳት ልጄ፣ ምን ቸገረን! ቅጂ እኮ ናት» አሉት።

«ምን?»

«በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ እንዳይዘርፏት አጎቴ ኦቴሎ ዋናዋን ደበቀና ይህቺን እኛ ኩሽና ውስጥ ሳላት።»

«ዋናዋስ የት አለች?»

«እሱን ሳይነግረን ሞተ፤ ነፍሱን ይማር!»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ባዶ እጁን ሄደ።

መንደሩ ጮቤ ረገጠ፤ ቀጥሎ ሲኞራ ኤርሲሊያን ይጠይቅ ጀመር። ውሸት ነው አይደል? ለቄሳችን ለዶን ፊርሚኖ፣ «እመቤታችን ፊት እዋሻለሁ እንዴ?» አሏቸው። ለዳቦ ጋጋሪው፣ «ኦቴሎ? እሱ አጥር መቀባት መች ይችልና!» አሉት። እኔን ደግሞ፣ «ሁለቱም እውነት ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ጸልይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በተንበረከክኩ ቁጥር ጸሎቴ ይምታታብኛል። የምለምነው የጥንቷን ይሁን የኦቴሎን፣ ግራ ገባኝ።

ባለፈው ሰኞ ዶክተሩ ተመለሰ። ሲኞራ ኤርሲሊያ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ቁልፉን የሰጡት ለእኔ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያለ እሳቸው ወሬ ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሎብኛል።

«ሙዚየሙ ለቅጂ መኪና አይልክም» አለኝ ዶክተሩ። «ግን የአንድ ሰው ቃል ብቻ አይበቃኝም። ስለ አጎታቸው ስለ ኦቴሎ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

ቀና ብዬ እመቤታችንን አየኋት። ምንም አልረዳችኝም።

«እንዴታ!» አልኩት። «ኦቴሎ ሲስላት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የቀለሙ ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልጠፋም።»

ዶክተሩ አመስግኖኝ ላይመለስ ሄደ። እኔ የተወለድኩት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሽታው ግን፣ ማርያምን፣ ይሸተኛል።